ራሱን የሚችል የማርስ ሰፈራ እንዴት ይነደፋል? ለተማሪ ቡድኖች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

የተማሪ ቡድኖች ከሚያቀርቧቸው የማርስ ሰፈራ ንድፎች አብዛኞቹ የሚወድቁት አንድ ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚያምር የመስታወት ጉልላት ይሳላል፤ ውስጡ መናፈሻ፣ መንገድና መኖሪያ ይደረደርበታል፤ ቁጥሩ ግን በመጨረሻው ሳምንት ነው የሚፈለግለት። ከዚያ አንድ የውድድር ዳኛ «ለአንድ ሰው በቀን ስንት ኪሎ ኦክስጅን መደባችሁ? ከየትስ ይመጣል?» ብሎ ሲጠይቅ ሥዕሉ መልስ የለውም።

ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። መጀመሪያ የቁስ ሚዛን ሰንጠረዥ ይሠራል፤ ቀጥሎ ኃይል፣ ከዚያ ግድግዳ፣ ሥዕል በመጨረሻ። ስሌቶቹ በሙሉ 100 ሰው ለሚኖርበት የማርስ ሰፈራ ናቸው። የእናንተ ቁጥር ከተለየ የነፍስ ወከፉን አኃዝ አባዙት።

ከመጀመራችሁ በፊት

ከ6 እስከ 8 ሰው ያለው ቡድን ይበቃል። ሥራውን በዘርፍ ክፈሉ፦ አየርና ውሃ፣ ምግብ፣ ኃይልና ሙቀት፣ ግንባታ፣ ጤናና የሰው ሥራ። ከእነዚህ በተጨማሪ አንድ ሰው «ቁጥር ጠባቂ» ይሁን። ዋናውን ሰንጠረዥ መቀየር የሚችለው እሱ ወይም እሷ ብቻ ናቸው። ሁሉም እንዳሻው የሚነካካው ሰንጠረዥ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ዓይነት የሕዝብ ቁጥር ይዞ ይገኛል።

ሦስት ሰነድ ክፈቱ፦

1. ዋና ሰንጠረዥ። እያንዳንዱ አኃዝ አንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ፤ ሌላው ቦታ ሁሉ ከዚያ በቀመር ይጎትት።
2. የታሳቢዎች መዝገብ። «የፓነሉ ውጤታማነት 25 በመቶ» ዓይነት ግምት ሁሉ፣ ለምን እንደተመረጠና ቢሳሳት ምን እንደሚቀየር።
3. የውሳኔ መዝገብ። ምን ተመረጠ፣ ምን ተጣለ፣ ለምን። ዳኞች የሚጠይቁት ስለተጣለው አማራጭ ነው።

መለኪያዎቻችሁን ከአሁኑ ወስኑ፦ ኪሎ ግራም፣ ኪሎፓስካል (ለግፊት)፣ ኪሎዋት ሰዓት (ለኃይል)። የማርስ ቀን 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ነው። ከምድር ቀን ጋር ያለው ልዩነት ወደ 2.7 በመቶ ስለሆነ በአንድ ቀን አይታወቅም፤ በዓመት ክምችት ላይ ግን ይታያል። አንዱን ምረጡና በሁሉም ገጽ እሱን ተጠቀሙ። ከዚህ በታች ያሉት ስሌቶች በ24 ሰዓት ቀን ናቸው።

ደረጃ 1፦ «ራሱን የሚችል» ማለት ምን እንደሆነ በመቶኛ ጻፉ

«ሰፈራው ራሱን ይችላል» ብሎ መጻፍ ምንም አለመጻፍ ነው። ለእያንዳንዱ ነገር በቦታው የሚመረተውን ድርሻ ለይታችሁ አስቀምጡ። ለምሳሌ ኦክስጅን 100፣ ውሃ 100፣ ምግብ 95፣ የግንባታ ቁስ 90፣ የብረት መለዋወጫ 60፣ መድኃኒት 20፣ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ 0 በመቶ። ቺፕ የሚሠራ ፋብሪካ በ100 ሰው አይቆምም። ቡድናችሁ «ሁሉንም እናመርታለን» ካለ እውነቱን ጠይቁት።

ከምድር የሚመጣው ነገር መቼ እንደሚደርስም ጻፉ። የመነሻ ጊዜው የሚከፈተው በየ26 ወሩ ገደማ ሲሆን ጉዞው ከ6 እስከ 9 ወር ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ፓምፕ ዛሬ ቢሰበር ምትኩ ከሁለት ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። የመለዋወጫ ክምችታችሁን በዚህ ልክ አስሉ፤ አንድ ጭነት ባይደርስስ ብላችሁም አንድ ጊዜ በእጥፍ ሞክሩት።

*ሲበላሽ፦* የድርሻው ዝርዝር ላይ ካልተስማማችሁ የሕዝቡን ቁጥር ቀንሱ። ብዙ ቡድን 10,000 ሰው ብሎ ይጀምርና ለ10,000 ሰው የሚሆን ምንም ስሌት ሳይኖረው ይጨርሳል። 100 ሰውን በትክክል ማኖር በቂ ሥራ ነው።

ደረጃ 2፦ ቦታ ምረጡ

ቦታ በውበት አይመረጥም። በዚህ ቅደም ተከተል አጣሩ፦

1. በረዶ። ከመሬት ወለል በታች በጥቂት ሜትር ውስጥ የውሃ በረዶ ይኑር። በሰሜን ንፍቀ ክበብ ያሉት አርካዲያ ፕላኒሺያና ዩቶፒያ ፕላኒሺያ ለዚህ ተደጋግመው ይጠቀሳሉ። በታኅሣሥ 2021 (እ.ኤ.አ.) አማዞኒስ ፕላኒሺያ ላይ የወደቀ ድንጋይ በ35 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ የበረዶ ስባሪ አውጥቶ አሳይቷል።
2. ከፍታ። ዝቅ ያለ ቦታ ምረጡ። የማርስ አየር ግፊት በአማካይ 0.6 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ከምድር አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። የሚያርፍ መንኮራኩር ፍጥነቱን የሚቀንሰው በዚህ ስስ አየር ስለሆነ ከላዩ ያለው የአየር ንጣፍ በረዘመ ቁጥር ይቀለዋል።
3. ኬክሮስ። ወደ ማርስ ወገብ ስትጠጉ ፀሐይ ይጨምራል፣ በረዶ ይርቃል። ከ35 እስከ 40 ዲግሪ የተለመደው ማስታረቂያ ነው።
4. ሜዳነት። ለማረፊያ፣ ለፓነልና ለአፈር ቁፋሮ።

ማስጠንቀቂያ፦ እስካሁን በማርስ ላይ በሰላም ካረፉት ተሽከርካሪዎች ትልቁ ፐርሲቪራንስ ሲሆን ክብደቱ 1,025 ኪሎ ግራም ነው። ንድፋችሁ በአንድ ጊዜ 20 ቶን የሚያሳርፍ ከሆነ ይህ ገና ያልተሠራ ነገር መሆኑን በታሳቢዎች መዝገብ ላይ በግልጽ ጻፉት።

ደረጃ 3፦ የቁስ ሚዛን ሰንጠረዡን ሥሩ

ንድፉ ማለት ይህ ሰንጠረዥ ነው። በሰንጠረዡ ግራ የሚገባውን፣ በቀኝ የሚወጣውን ጻፉ። ለአንድ ሰው በቀን በእነዚህ ጀምሩ፦

- ኦክስጅን፦ 0.84 ኪሎ ግራም ይተነፍሳል
- ካርቦን ዳይኦክሳይድ፦ 1 ኪሎ ግራም ያወጣል
- ደረቅ ምግብ፦ 0.62 ኪሎ ግራም ይበላል
- ውሃ፦ ለመጠጥ፣ ለማብሰልና ለንጽህና በድምሩ 25 ሊትር (ይህ ምርጫ ነው፤ ልትቀንሱት ትችላላችሁ)

ለ100 ሰው በቀን 84 ኪሎ ኦክስጅን፣ 100 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ 62 ኪሎ ደረቅ ምግብና 2,500 ሊትር ውሃ ይመጣል።

አሁን ብክነቱን አስገቡ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ከውሃው 98 በመቶ መልሶ መጠቀም ችሏል። በዚህ ልክ ብትሠሩ እንኳ በቀን 50 ሊትር ይጠፋል፤ በዓመት ከ18 ቶን በላይ ነው። በ95 በመቶ ከሠራችሁ ወደ 46 ቶን ያድጋል። ይህን የሚሞላው የበረዶ ቁፋሮ ስለሆነ የማሽኑን አቅም ከዚህ ቁጥር አውጡት።

ቡድኖች ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚዘሉት ነገር አለ። ከሰብል የሚበላው ክፍል ግማሽ ያህል ብቻ ነው። 62 ኪሎ ደረቅ ምግብ ስታመርቱ ሌላ 62 ኪሎ ገለባ፣ ሥርና ቅጠል ይመረታል። ያ ገለባ በውስጡ ካርቦን ይዟል፤ ሲያድግም ኦክስጅን ለቋል። ገለባውን መጋዘን ብትከምሩት በየቀኑ ካርቦን ከዑደቱ ይወጣል፤ ዕፅዋቱ የሚመገቡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያንሳል፣ ኦክስጅን ደግሞ ይጠራቀማል። ስለዚህ ገለባውን ማቃጠያ ወይም ማብሰበሻ የግድ ያስፈልጋል፤ የሚፈጀው ኦክስጅንም በሰንጠረዡ ላይ ይግባ። ሁለቱ ጎኖች በ2 በመቶ ውስጥ ካልተቀራረቡ ወደ ደረጃ 4 አትለፉ።

*ሲበላሽ፦* ሚዛኑ አልገጥም ሲል ፈልጋችሁ የምታጡት አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱን ነው፦ በምግቡ ውስጥ ያለው ውሃ፣ ሰውነት ምግብ ሲያቃጥል የሚፈጥረው ውሃ፣ ገለባው፣ ወይም ግድግዳው። የመጨረሻው አይናቅ። በአሜሪካ አሪዞና በተሠራው ባዮስፌር 2 የተባለ ዝግ የሙከራ መኖሪያ ውስጥ በ1991 (እ.ኤ.አ.) ስምንት ሰዎች ለሁለት ዓመት ተዘግተው ሲገቡ ኦክስጅኑ 20.9 በመቶ ነበር፤ በ16 ወር ውስጥ ወደ 14.5 በመቶ ገደማ ወረደና ከውጭ መጨመር ግድ ሆነ። በአፈሩ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ኦክስጅኑን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀየሩት፤ ያን ደግሞ ያልተቀባው ኮንክሪት መጠጠው። በእናንተም ንድፍ አየር የሚነካው ግድግዳ ሁሉ በምን እንደሚለበጥ ጻፉ።

ደረጃ 4፦ ምግብ አምርቱ፣ የብርሃኑን ሒሳብ ግን አትሽሹ

ለአንድ ሰው ሙሉ ምግብ በጠንካራ ሰው ሠራሽ ብርሃን 50 ካሬ ሜትር የሰብል መደርደሪያ መድቡ። ለ100 ሰው 5,000 ካሬ ሜትር ይሆናል።

ብርሃኑን እንዲህ አስሉ። ለዕፅዋት የሚሆን ብርሃን በሰከንድ በካሬ ሜትር 500 ማይክሮሞል (የብርሃን ቅንጣቶች ብዛት መለኪያ ነው)፣ የኤልኢዲ መብራት ደግሞ ለአንድ ጁል 2.5 ማይክሮሞል ይሰጣል ብላችሁ ያዙ። ሲካፈል በካሬ ሜትር 200 ዋት ነው። በ50 ካሬ ሜትር 10 ኪሎዋት፤ በቀን ለ16 ሰዓት ሲበራ ለአንድ ሰው 160 ኪሎዋት ሰዓት። ለ100 ሰው በቀን 16,000 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም በአማካይ 667 ኪሎዋት ያለማቋረጥ። የሰፈራው ትልቁ የኃይል ተጠቃሚ እርሻው ነው። ይህን ቁጥር ሳያዩ ስለ ኃይል ማውራት ከንቱ ነው።

«ታዲያ ለምን በመስታወት ግሪንሃውስ በፀሐይ አናበቅልም?» የሚል ሰው ከቡድኑ አይጠፋም። ማርስ የምታገኘው የፀሐይ ብርሃን ከምድር 43 በመቶ ያህል ነው። መስታወቱና አቧራው ከዚያ ላይ ይቀንሳሉ፤ ሌሊት ሙቀቱ ያመልጣል፤ ግልጽ ግድግዳ ጨረር አይከላከልም፤ የውስጡን ግፊት የሚሸከም ትልቅ መስታወትም ከባድ ነው። አማራጩን መምረጥ ትችላላችሁ፤ ግን እነዚህን አራቱን በቁጥር መልሱ።

ቀጥሎ እነዚህን በቅደም ተከተል አከናውኑ፦

1. ሰብል ምረጡ። ስንዴ፣ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ አኩሪ አተር፣ ለውዝና ቅጠላ ቅጠል መነሻ ይሁኑ። ካሎሪን ብቻ አትቁጠሩ፤ ስብና ፕሮቲን የሌለበትን ሠንጠረዥ ዳኞች ወዲያው ይነቅፉታል። ቫይታሚን ቢ12 ከዕፅዋት ስለማይገኝ ከምድር ይምጣ ወይም በባክቴሪያ ይመረት።
2. ዘሩን በየተራ ዝሩ። ስንዴ 80 ቀን ያህል የሚፈልግ ከሆነ ማሳውን በ12 ክፍል ከፋፍላችሁ በየሳምንቱ አንዱን ዝሩ። ሁሉንም በአንድ ቀን ብትዘሩ በአንድ ቀን ታጭዳላችሁ፤ ያን ዕለት አየሩን የሚያጸዳ ቅጠል የለም።
3. በማርስ አፈር ላይ በቀጥታ አትትከሉ። ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር በ2008 (እ.ኤ.አ.) ፐርክሎሬት የተባለውን ጨው በአፈሩ አግኝታለች። መጠኑ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ሲሆን የእንቅርት ዕጢን ሥራ ያውካል። በውሃ ማብቀል ይቀላል፤ በአፈር ካላችሁ ግን የማጠቢያውን ውሃና የማጣሪያውን ኃይል ጨምሩ።
4. ንጥረ ነገሩን መልሱ። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ከሽንትና ከገለባው አመድ ይመለሳሉ። ከሽንት ጋር ግን ሰው የበላው ሶዲየም አብሮ ይመጣል፤ አብዛኞቹ ሰብሎች አይፈልጉትም። ካልተለየ በውሃው ውስጥ በየወሩ እየከበደ ሄዶ ሥሩን ያቃጥላል። የሶዲየም መለያ መሣሪያ በንድፉ ላይ ይታይ።
5. ትነቱን ቁጠሩ። አንድ ካሬ ሜትር ሰብል በቀን 4 ሊትር ያህል ውሃ ይተናል። 5,000 ካሬ ሜትር 20,000 ሊትር ይሆናል፤ ሰው ከሚጠቀመው ስምንት እጥፍ ነው። ይህን ሁሉ የሚይዝ ማቀዝቀዣ ከሌለ ግድግዳው ላይ ይንጠባጠባል፣ ሻጋታም ይበቅላል። መልካሙ ነገር፣ ተይዞ የሚመለሰው ውሃ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ነው።

ደረጃ 5፦ ኃይልና ሙቀት

ከእርሻው 667 ኪሎዋት ላይ ለአየር ማዘዋወሪያ፣ ለውሃ፣ ለቁፋሮ፣ ለወርክሾፕና ለመኖሪያ በነፍስ ወከፍ 4 ኪሎዋት ጨምሩ። ድምሩ ወደ 1,070 ኪሎዋት ይሆናል። 30 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመር 1.4 ሜጋዋት ገደማ ነው።

በፀሐይ ብቻ ከሄዳችሁ፣ አንድ ካሬ ሜትር ፓነል አቧራው ተቆጥሮ በቀን 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል ብላችሁ ብትይዙ፣ ያለ መጠባበቂያው እንኳ ከ4 ሄክታር በላይ ፓነል ያስፈልጋል። የሌሊቱ ባትሪ ገና አልተቆጠረም።

ዋናው ፈተና ግን የአቧራ ማዕበል ነው። በሰኔ 2018 (እ.ኤ.አ.) ኦፖርቹኒቲ የተባለችው ሮቨር (የማርስ ተሽከርካሪ) በቀን የምታመርተው ኃይል በአሥር ቀን ውስጥ ከ645 ወደ 22 ዋት ሰዓት ወረደ፤ ከዚያ በኋላም አልተነሳችም። ስለዚህ ሁለት የኃይል በጀት ሥሩ፦ የተለመደውና የማዕበሉ።

ለማዕበሉ የሚቀረውን ብቻ ዘርዝሩ። መብራቱ ይጥፋ፤ ኦክስጅኑ ውሃ በኤሌክትሪክ ተሰንጥቆ ይምጣ። ለ84 ኪሎ ኦክስጅን ወደ 95 ሊትር ውሃና 530 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ ማለትም በአማካይ 22 ኪሎዋት። ከሌላው አስፈላጊ ሥራ ጋር በነፍስ ወከፍ 1.5 ኪሎዋት፣ በድምሩ 150 ኪሎዋት ያዙ። ይህን ፀሐይ የማይፈልግ ምንጭ ይሸከመው። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ በ2018 (እ.ኤ.አ.) በኔቫዳ ክራስቲ የተባለ ትንሽ የኒውክሌር ማመንጫ ሞክሯል፤ የዚህ ዓይነት ማመንጫዎች እስከ 10 ኪሎዋት እንዲደርሱ የታሰቡ ናቸው፤ በዚያ ልክ 15 ያህል ያስፈልጋል።

መብራቱ ሲጠፋ ሰብሉ እንደሚሞት አትርሱ። ከማዕበሉ በኋላ እንደገና ተዘርቶ እስኪደርስ ድረስ ሰው የሚበላው ክምችት ያስፈልጋል። የ180 ቀን ክምችት ለ100 ሰው 11 ቶን ያህል ደረቅ ምግብ ነው፤ በሁለት የተለያዩ ክፍሎች ከፍላችሁ አስቀምጡት።

ሙቀት ሌላው ወጥመድ ነው። ማርስ በአማካይ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ገደማ ስለሆነች ቡድኖች የሚያስቡት ስለ ማሞቂያ ብቻ ነው። ሰፈራው የሚጠቀመው አንድ ሜጋዋት ግን በመጨረሻ ሙሉ በሙሉ ሙቀት ይሆናል፤ አየሩ እጅግ ስስ በመሆኑ ሙቀቱን በነፋስ አይወስድላችሁም። በጨረራ መውጣት አለበት። በ17 ዲግሪ ያለ ራዲያተር ከአንድ ፊቱ በካሬ ሜትር 250 ዋት ገደማ ያወጣል ብላችሁ ብትነሱ፣ በሁለቱም ፊቱ የሚሠራ 2,000 ካሬ ሜትር ራዲያተር ያስፈልጋችኋል። ሥዕላችሁ ላይ ራዲያተር ከሌለ ሰፈራው ቀዝቅዞ ሳይሆን ተቃጥሎ ነው የሚሞተው።

ደረጃ 6፦ ግፊትና ግድግዳ

የውስጡን አየር ወስኑ። 70 ኪሎፓስካል ግፊትና 30 በመቶ ኦክስጅን ጥሩ መነሻ ነው፤ ሳንባ የሚያገኘው የኦክስጅን መጠን ከምድር ጋር እኩል ይሆናል፣ ግድግዳውም ይቀልላል። ኦክስጅኑን ከዚህ በላይ አታሳድጉ፤ እሳት በፍጥነት ይስፋፋል። የቀረውን ናይትሮጅንና አርጎን ከማርስ አየር መለየት ይቻላል፤ ናይትሮጅን በዚያ 3 በመቶ አይሞላም፣ አርጎን ደግሞ 2 በመቶ ገደማ ነው።

ቅርጹ ሲሊንደር ወይም ሉል ይሁን። ጠፍጣፋ ግድግዳ ያለው ሣጥን በግፊት ያብጣል። ለምሳሌያችን ራዲየሱ 4 ሜትር፣ ርዝመቱ 50 ሜትር የሆነ 6 ሲሊንደር ውሰዱ፤ እያንዳንዱ 2,500 ሜትር ኩብ ይይዛል። ሁለቱ ለመኖሪያ፣ አራቱ ለእርሻ። የግድግዳው ውፍረት ግፊቱ በራዲየሱ ተባዝቶ፣ ቁሱ በሚፈቅደው ውጥረት ተካፍሎ ይገኛል። ለአሉሚኒየም 100 ሜጋፓስካል ብትፈቅዱ 2.8 ሚሊሜትር ይመጣል።

አፈሩን የምትጭኑት እዚህ ላይ ነው፤ ስሕተቱም የሚመጣው እዚህ ነው። በማርስ ስበት አንድ ሜትር አፈር የሚጫነው 5.6 ኪሎፓስካል ያህል ብቻ ነው፤ ሦስት ሜትር 17 ኪሎፓስካል። የውስጡ ግፊት 70 ስለሆነ አፈሩን አየሩ ተሸክሞታል፤ ግድግዳው አሁንም የሚጎተተው ወደ ውጭ ነው። ታዲያ 2.8 ሚሊሜትር በቃ? አይበቃም። አንድ ቀን ክፍሉ አየሩን ቢያጣ 17 ኪሎፓስካሉ በስስ ቆርቆሮ ላይ ብቻውን ይቀመጣል፣ ቆርቆሮውም ይጨማደዳል። ሁለቱንም ሁኔታ አስሉ፤ ለሁለተኛው ከውስጥ የቅስት ማገር ጨምሩ።

በሩን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ተራ በር በ70 ኪሎፓስካል 14 ቶን ያህል ኃይል ይገፋዋል። ስለዚህ ግፊቱ ራሱ በማሸጊያው ላይ እንዲጫነው ግፊት ወዳለበት ወገን የሚከፈት ይሁን። ማዕዘኑ ክብ ይሁን፤ ሹል ማዕዘን ላይ ስንጥቅ ይጀምራል። ከላይና ከታች ግፊት ማመጣጠኛ ቫልቭ ከሁለቱም ወገን በእጅ የሚሠራ አድርጉ። የማሸጊያው ጎማ ሁለት ረድፍ ሆኖ በመካከሉ የፍሳሽ መለኪያ ይግባ፤ የማርስ አቧራ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ጎማውን በየጊዜው ማጥራትና መቀየር ያስፈልጋል። የመለዋወጫ ጎማውን ብዛት ወደ ደረጃ 1 ዝርዝር መልሱት።

ደረጃ 7፦ ጨረር

ኪውሪዮሲቲ የተባለው ሮቨር በማርስ ወለል ላይ የለካው በቀን 0.67 ሚሊሲቨርት (ሰው የሚቀበለው ጨረር መለኪያ) ገደማ ነው፤ ያለ መከለያ በዓመት 245 ሚሊሲቨርት ይሆናል። ናሳ ለጠፈርተኛ ሙሉ የሥራ ዘመን የሚፈቅደው 600 ሚሊሲቨርት ነው። ከ2 እስከ 3 ሜትር አፈር መልበስ ችግሩን ለቤት ውስጥ ይፈታዋል። ለውጭ ሥራ በሳምንት 10 ሰዓት ብትፈቅዱ በዓመት 15 ሚሊሲቨርት ገደማ ይጨመራል። በቀጭን ብረት መከለያ አትተማመኑ፤ የጠፈር ቅንጣቶች ሲመቱት ሌሎች ቅንጣቶች ይፈልቁበታል።

አፈሩንም በቁጥር ጻፉ። ስድስቱን ሲሊንደሮች ለማልበስ ወደ 30,000 ሜትር ኩብ አፈር ይፈለጋል። በሰዓት 10 ሜትር ኩብ የሚያነሳ ማሽን 3,000 ሰዓት ይሠራል ማለት ነው።

ደረጃ 8፦ ንድፉን ራሳችሁ ስበሩት

ለእያንዳንዱ ብልሽት «ስንት ሰዓት አለን?» ብላችሁ አስሉ።

*የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጣሪያው ቢቆም።* በነፍስ ወከፍ 50 ሜትር ኩብ አየር ካለ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግፊት በቀን 1.1 ኪሎፓስካል ያህል ይጨምራል። ከ0.1 ተነስቶ 0.5 ለመድረስ 9 ሰዓት ይበቃዋል፤ በ2 ቀን ውስጥ ራስ ምታትና መፍዘዝ ይመጣል። ኦክስጅኑ ከ21 ወደ 16 ኪሎፓስካል ለመውረድ ግን 4 ቀን ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ሁለተኛው ማጣሪያ ከሁለተኛው የኦክስጅን ታንክ ይቅደም።

*ግድግዳው ቢበሳ።* አንድ ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ቀዳዳ በሰዓት 45 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይወጣል። አንዱ ሲሊንደር 2,100 ኪሎ አየር ስለሚይዝ አንድ አሥረኛውን ለማጣት ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ፈልጎ መለጠፍ ይቻላል። ቀዳዳው አምስት ሴንቲሜትር ከሆነ ግን 11 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው ያላችሁ። በሮቹ በራሳቸው እንዲዘጉና ማንኛውም ሰው ከበሩ በስንት ሰከንድ ርቀት ላይ እንደሚገኝ በካርታው ላይ አሳዩ።

*አንድ የእርሻ ክፍል ቢታመም።* አራቱ ክፍሎች ውሃም አየርም እንዳይጋሩ አድርጉ። አንድ የሥር በሽታ በጋራ ታንክ በኩል ሁሉንም ይደርሳል።

*ከምድር ጋር መገናኘት ቢቋረጥ።* መልእክት ወደ አንድ አቅጣጫ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል፤ ፀሐይ በመካከል ስትገባ ደግሞ ለሁለት ሳምንት ያህል ትእዛዝ መላክ ይቆማል። ከምድር ምክር የሚጠብቅ የአደጋ ጊዜ መመሪያ አይሠራም።

ከውድቀቶቹ አንዱን ካላለፈ ወደ ሰንጠረዡ ተመለሱ። በጽሑፍ «አስተማማኝ ሥርዓት ይኖራል» ብሎ ማለፍ መፍትሔ አይደለም።

ደረጃ 9፦ የሰው ሰዓት

ከ100 ሰው 80ው ቢሠራ፣ በሳምንት 48 ሰዓት፣ 3,840 የሥራ ሰዓት አላችሁ። እርሻን፣ ምግብ ማብሰልን፣ ጥገናን፣ ሕክምናን፣ ጽዳትን፣ ትምህርትንና የውጭ ሥራን ከዚህ ቀንሱ። ድምሩ ካለፈ አንድ ሥራ በማሽን ይሠራ ወይም ይቅር። ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ጥገና ነው፤ ከሌላው ሁሉ በፊት ሩቡን ለእሱ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ሕዝቡ በወሊድ ያድጋል ካላችሁ በታሳቢነት መዝግቡት። የማርስ ስበት ከምድር 0.38 ሲሆን በእንዲህ ያለ ከፊል ስበት ለወራት የኖረ ሰው እስካሁን የለም።

ደረጃ 10፦ የአመጣጥ ቅደም ተከተል፣ ከዚያ ሥዕል

ሰው ከመድረሱ በፊት ቢያንስ በአንድ የመነሻ ጊዜ ቀድመው የሚደርሱትን ዘርዝሩ፦ ማመንጫ፣ የበረዶ ማውጫ፣ የኦክስጅን ማምረቻ፣ አፈር የሚያነሳ ማሽን፣ የመጀመሪያው ሲሊንደር። ታንኮቹ መሙላታቸው በርቀት ሳይረጋገጥ ሰው አይነሳ። የኦክስጅን ማምረቻውን አቅም ስትጽፉ ካለው ነገር ጋር አነጻጽሩ፦ በፐርሲቪራንስ ላይ የነበረው ሞክሲ የተባለ መሣሪያ ከማርስ አየር ኦክስጅን ሲያወጣ የደረሰበት ከፍተኛ መጠን በሰዓት 12 ግራም ነው። የእናንተ 100 ሰው በሰዓት 3.5 ኪሎ ይፈልጋል፤ ወደ 290 እጥፍ ነው።

አሁን ሣሉ። አራት ሥዕል ይበቃል፦

1. የቦታው ካርታ፦ ማረፊያው ከመኖሪያው ቢያንስ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆና ከኮረብታ ጀርባ፣ የሚነሳው ድንጋይ እንዳይመታ።
2. የአንድ ሲሊንደር ቁራጭ፦ አፈር፣ ግድግዳ፣ ማገር፣ ወለልና ቧንቧ ከነልኬታቸው።
3. የአየር፣ የውሃና የካርቦን ፍሰት፦ በእያንዳንዱ ቀስት ላይ ኪሎ ግራም በቀን ይጻፍ።
4. የኃይል ሥዕል፦ የተለመደውና የማዕበሉ ጎን ለጎን።

ከማስረከባችሁ በፊት የቡድኑ አባላት ሥራቸውን ይለዋወጡ። የእርሻው ሰው የኃይሉን ክፍል፣ የግንባታው ሰው የውሃውን ክፍል ያንብብና በሥዕሎቹ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር በዋናው ሰንጠረዥ ላይ በጣቱ ያሳይ። ሊያሳየው ያልቻለው ቁጥር ከሥዕሉ ይውጣ፤ ቁጥር ጠባቂው ምንጩን ካገኘለት በኋላ ይመለስ።